ጓሳ ሲከፈት አትምጪ

መንዝ፣ ጥቅምት 4 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለጽናት፣

እንዴት ከርመሻል? እኔም፣ ላሚቱም፣ በጎቹም ደህና ነን። ያልደወልኩልሽ ካርድ አጥቼ አይደለም። ስደውል አፍ አፌን ትይኛለሽ፤ ወረቀት ግን ብትናደጂም አንብበሽ ትጨርሺዋለሽ። በዛወርቅ ነገ አዲስ አበባ ስለምትወርድ በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

የዩኒቨርሲቲ ምርጫሽን ስትሞይ ደብረ ብርሃንን አንደኛ እንደምታደርጊ ሰማሁ። «ሕክምናውን እዚያው እማራለሁ፣ ጓሳ ሲከፈት ደግሞ መጥቼ ለእማዬ ሣር አጭድላታለሁ» ብለሻል አሉ። ይሄን ሁሉ ዘመን የተማርሽው ሣር ለማጨድ ነው እንዴ? ለእሱማ አራተኛ ክፍልም ይበዛል።

ምክሩ የወንድሜ የፈንታ መሆኑን አውቄያለሁ። «ለእናትሽ ቅርብ ሁኚላት» አለሽ አይደል? ፈንታ! ለገዛ አባቱ ተስካር መንገዱ ጭቃ ነው ብሎ የቀረ ሰው፣ ዛሬ የእናት ነገር አንጀቱን በላው? ቤቱ አስቀምጦ ስላስተማረሽ አመሰግነዋለሁ። ምክሩን ግን ለራሱ ልጆች ያስቀርላቸው።

የዚህን አገር ሰው ደግሞ ረስተሽዋል መሰለኝ። ውጤትሽ ከተሰማ ወዲህ ስምሽ «ዶክተራችን» ሆኗል። አቶ ባዘዘው «ጉልበቴን የምታይልኝ እሷ ነች» ብለው ጤና ጣቢያ መሄዱን እርግፍ አድርገው ትተውታል። ጌታነሽ በጓ ቢያስልባት «ጽናት ስትመጣ ታየዋለች» አለችኝ። የበግ ሳል! ገና ፎርም ያልሞላች ልጅ ይዘው ሆስፒታል ከፍተዋል። ደብረ ብርሃን ብትገቢ እሑድ እሑድ ከበርሽ አይጠፉም። የሞተ ሲኖር ይጠሩሻል፣ የተዳረ ሲኖር ይጠሩሻል። ካልመጣሽ «ኮራች» ይሉሻል፤ ከመጣሽ ደግሞ ትወድቂያለሽ።

የጎረቤታችንን የእሱባለውን ልጅ ማሙሽን አታውቂውም? እሱም ሐኪም ሊሆን ነበር። ለወላጆቼ ቅርብ ልሁን ብሎ ደብረ ብርሃን ገባ። በትምህርት ቤቱ ላይ ክፉ አልናገርም፤ ጥፋቱ የእኛው ነው። አንደኛ ዓመት ሳለ ጓሳ ተከፈተ። ሽማግሎቹ የጣራ ሣሩን መስክ ለዓመታት ዘግተው ጠብቀውት ሲከፍቱት ቀኑ አጭር ነው፤ ከየቤቱ ማጭድ የሚይዝ እጅ ሁሉ ይወጣል፣ ያልደረሰ የሚያፈስ ጣራውን እያየ ይከርማል። እሱባለው ሆዬ ደወለና ልጁን ከፈተናው ጎትቶ አመጣው። አጨዳውንማ አጨደው፤ ቤታቸው ተከድኖ ሲያምር! ሕክምና የሚገባው ግን በአንደኛ ዓመት ውጤት ነውና ልጁ ሌላ ትምህርት ደረሰው። አባቱ ዛሬ «እግዜር አልፈቀደለትም» ይላል። እግዜርን ምን አድርግ ነው የሚለው? የልጁን ዕድል አጭዶ ጣራው ላይ የከመረው ራሱ ነው። ያን ሣር ባየሁት ቁጥር ያንገሸግሸኛል።

አንቺ ጅማን አንደኛ አድርጊ። ሐኪም ማስተማር የቆየበት ነው፣ ሆስፒታልም አለው ይላሉ። ከሁሉ በላይ ግን ሩቅ ነው። አቶ ባዘዘው በዚያ ጉልበታቸው አይደርሱብሽም።

ጣራውን ትጠይቂኝ ይሆናል። አዎ፣ ክረምቱን ሲያፈስ ከረመ። ያፍስስ። አልጋዬን ወደ ምድጃው አስጠግቻለሁ። ጓሳ ከጥምቀት በኋላ ይከፈታል እየተባለ ነው። ማንም ቢደውልልሽ፣ እናትሽ ታማለች ቢሉሽም፣ ፈተናሽን ሳትጨርሺ እንዳትነሺ። እኔው ራሴ ብደውል እንኳ አትስሚኝ። ሰው ነኝና ልደውል እችላለሁ።

እመብርሃን በሄድሽበት ሁሉ ትቅደምልሽ። እጅሽ የነካው ይዳን። ክፉ አይይሽ፣ የጀመርሽውን ለመጨረስ ያብቃሽ።

እናትሽ አያልነሽ

ማጭድሽን ለጌታነሽ ሰጥቻታለሁ፤ ብትመጪም የምታጭጂበት የለሽም። ልጅ ሳለሽ እጄን ላጠኝ ብለሽ እጀታው ላይ የጠቀለልሽውን የቀሚሴን ቁራጭ ግን ፈትቼ አስቀርቼዋለሁ።