ባን እና ሞ ቫን

ለምወድሽ ልጄ ለእድላዊት፣

እንዴት ከርመሻል? ባለቤትሽና የልጅ ልጄ ነቢዩስ ደህና ናቸው? እኛ ጌታ ይመስገን፣ ደህና ነን።

ነቢዩ እዚያ አየርላንድ ትምህርት ቤት ገብቶ በአይሪሽ ማውራት ከጀመረ ወዲህ፣ እኔና አባትሽም ቅዳሜ ቅዳሜ ሴንት ፖል ከተማ ሄደን የአይሪሽ ቋንቋ ጀማሪዎች ክፍል እንማራለን። አሁን ድራይቭ የማደርገው እኔ ነኝ፤ አባትሽን መንገዱ ሰልችቶታል።

ዕድሜዬን ሙሉ የአማርኛ ሰዋስው ሳስተምር ኖሬ ይህ ቋንቋ አስቸግሮኛል። «የኔ» ሲባል የቃሉ መጀመሪያ ይለወጣል። «ባን» ሚስት ማለት ነው፤ «ሚስቴ» ለማለት ግን «ሞ ቫን» ይባላል። ባለፈው ቅዳሜ መምህሯ አጠገባችን የተቀመጠውን ሰው እንድናስተዋውቅ አዘዘችን። አባትሽ እኔን እያየ «ባን» ብቻ አለ።

«ሞ ቫን በል» አልኩት ቀስ ብዬ። «ሚስቴ ማለት ነው።»

«ኧረ ነውር ነው» አለኝ በአማርኛ። «የሰው ሚስት እንዴት የኔ እላለሁ? ባለቤትዎ ቢሰሙ ምን ይላሉ?»

መምህሯ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ። «ደንቡ ከበደኝ ነው የሚለው» አልኳት። ለጀማሪ በእርግጥ ከባድ ነው። ቤት ውስጥ ሳልሰለች አስጠናዋለሁ፤ አንዳንድ ጠዋት አጥርቶ ይመልሳል።

ለገና እንመጣለን ያላችሁትን ቀደም አድርጋችሁ ለፋሲካ ብታደርጉት ደስ ይለኛል። እስከዚያው ስትደውሉለት አስቀድማችሁ ስማችሁንና ማን እንደሆናችሁ ንገሩት፤ የስልካችን ድምፅ ጥራት የለውም።

ጌታ ሳይዘገይ በደህና ያገናኘን። አባትሽም ሰላም ብሎሻል።

እናትሽ አሰፋሽ