ስምህን የጻፍኩበት ቃለ ጉባኤ

ውድ ወንድሜ ጆሮ፣

ውሃ አገልግሎት ውስጥ ዛሬም ከዚህ ሌላ ስም የለህም። ያን ረጅም ብረት መንገድ ላይ ተክለህ፣ ጫፉን ጆሮህ ላይ ለጥፈህ፣ «እዚህ ጋ ነው የሚያፈሰው፣ ቆፍሩ» ስትል ቆፋሪዎቹ ይስቁብህ ነበር። ሲቆፍሩ ግን ውሃው ይገኝ ነበር። ብረትህን ከመጋዘን አውጥቼ ከጠረጴዛዬ ጀርባ አቁሜዋለሁ። የጽዳት ሠራተኛዋ «ይሄ ዘንግ ምን ያደርጋል፣ ይጣል» እያለች ሁለት ጊዜ ተጣልተናል።

ደህና ነህ ወይ ብዬ አልጠይቅህም። ስድስት ዓመት የተፈረደበት ሰው እንዲህ አይባልም። የምጽፍልህ ባለቤትህ ባለፈው ሳምንት ያደረሰችኝ መልእክት እንቅልፍ ስለ ነሳኝ ነው። «ጸሐፊዋን አመስግኚልኝ፤ ከዚያ ሁሉ ሰው አንዷ እንኳ እውነቱን ተናገረች» ብለሃል አለችኝ። ይህን ስትነግረኝ እጄን ይዛ ነበር። ያን ጊዜ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ወንድሜ፣ ምስጋናህን መልሰህ ውሰደው፤ አይገባኝም።

ከመጀመሪያው ልጀምር። የምታውቀውንም እደግመዋለሁ፤ የጸሐፊ አመል ነው።

የከተማው አስተዳዳሪ ከድልድዩ ማዶ ያለውን ሰፈር ሰብስቦ ሊያወያይ ሲል ሰዉ «መጀመሪያ የታሰሩ ልጆቻችንን ፍታ» ብሎት አዳራሹን ጥሎ ወጣ። በሳምንቱ የማዶ ውሃ ጠፋ። እኛም «መስመሩ ተሰብሮ በጥገና ላይ ነው» የሚል ማስታወቂያ ለጠፍን፤ የተየብኩት እኔ ነኝ። ጥገና የሚባል ነገር እንደሌለ የአደባባይ ምስጢር ነበር። ምሳ ሰዓት ላይ ግን ወሬው ሁሉ «ማዶዎች ድሮም ከሃዲ ናቸው፣ ይበላቸው» ሆነ። ጡት ያልጣለው ሕፃን ሳይቀር ከሃዲ ተባለ። እንዲህ የሚሉት አብሬያቸው ስበላ የኖርኩ፣ ልጆቻቸውን የዳርኩላቸው ሰዎች ናቸው። እኔም አልተቃወምኩም፤ አንገቴን ደፍቼ እበላ ነበር።

አንተ ግን ብረትህን ተሸክመህ ማዶ ሄድክ። ሦስት ቀን አዳመጥክ። ከዚያ በወርኃዊው ስብሰባ ላይ ሥራ አስኪያጁ ለወጉ ያህል «ሌላ ሐሳብ ያለው?» ሲል ተነሣህ።

«መስመሩ አልተሰበረም» አልክ። «የተሰበረ ቧንቧ ያንሾካሹካል። ይሄኛው ጭጭ ብሏል። ሄጄ አየሁት፤ ዋናው መዝጊያ ተቆልፎ የአስተዳዳሪው ቢሮ ማኅተም ተለጥፎበታል። እኛ የውሃ ሠራተኞች ነን ወይስ የቅጣት? ሰው ስለተናገረ ውሃ ይከለከላል እንዴ?»

ሃያ ሁለት ሰው ጠረጴዛ ጠረጴዛውን አየ። ሥራ አስኪያጁ ሁለት ጊዜ ሳለና «ወደሚቀጥለው አጀንዳ እንለፍ» አለ። ሊያድበሰብሰው ነበር። ፈሪ ነው እንጂ ክፉ ሰው አይደለም። ነገሩ እዚያው ሞቶ ይቀር ነበር።

የቃለ ጉባኤያችንን ልማድ ታውቃለህ። ሐሳብ የሰጠ ሰው ስሙ አይጻፍም፣ «አንድ ተሳታፊ» ተብሎ ይታለፋል። ይህን ያስተማሩኝ ከእኔ በፊት በዚህ ወንበር የነበሩት ሴትዮ ናቸው። «ልጄ፣ ስሙ ያልተጻፈ ሰው ቤቱ ያድራል» ይሉኝ ነበር። አሥራ ስምንት ዓመት እንዲሁ ስጽፍ ኖርኩ። አንተም «አንቺ እኮ ሰው ሲያስነጥስ እንኳ 'አንድ ተሳታፊ አስነጠሱ' ብለሽ ትጽፊያለሽ» እያልክ ትቀልድብኝ ነበር። ያን ቀን ግን ኮራሁብህ። በዚያ ክፍል ውስጥ ስንት ዓመት ሙሉ የሰማሁት ውሃ ወቀጣ ነው፤ አንድ ጊዜ ሰው የሚባል ሰው ሲናገር ንግግሩ ባለቤት እንዲያጣ አልፈለግኩም። ስምህን ከነአያትህ፣ ከነሥራ መደብህ ጻፍኩት። አሳምሬ ነው የጻፍኩት።

ሥራ አስኪያጁ ሳያነብ ፈረመ። ስህተት አግኝቶብኝ ስለማያውቅ የእኔን ጽሑፍ አያነብም። አንዱ ቅጂ እንደ ወትሮው ወደ አስተዳዳሪው ቢሮ ሄደ። በአራተኛው ቀን ከመንገድ ላይ ወሰዱህ፤ ብረትህ ጉድጓዱ አፍ ላይ ወድቆ ቆፋሪዎቹ አመጡት።

የሚቀጥለው ስብሰባ ላይ አንተ አልነበርክምና ይህን ከእኔ ስማ። ከአስተዳዳሪው ቢሮ አንድ መነጽራም ሰውዬ መጥቶ ሥራ አስኪያጁ ጎን ተቀመጠ። «ይህን ሲናገር የሰማችሁ?» ብሎ አንድ በአንድ ጠየቀ። ገንዘብ ያዡ «ስልክ ተደውሎልኝ ወጥቼ ነበር» አለ። የመጋዘኑ ኃላፊ «እኔ እንኳ ጆሮዬ ትንሽ ይደክማል» አለ። ሃያ ሁለቱም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉ። ለራሳቸው ፈርተው ይሁን ላንተ አዝነው እስከ ዛሬ አላውቅም። በመነጽራሙ እጅ የቀረው የእኔ ወረቀት ብቻ ሆነ።

በደንባችን ያለፈው ቃለ ጉባኤ ከመጽደቁ በፊት ጸሐፊዋ ስህተት አለበት ካለች ይታረማል። ሥራ አስኪያጁ ላቡን እየጠረገ ወደ እኔ ዞረ።

«እህቴ፣ መቼም ሰው ነሽ» አለኝ። «ምናልባት ደክሞሽ... ወይ አንዱ ያለው ከሌላው ተምታቶብሽ ይሆን?»

ዓይኑ ይለምነኝ ነበር። «አዎ፣ ተሳስቻለሁ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፍቼም ነበር።

መነጽራሙ ከወረቀቱ ቀና አለ። «የመንግሥት ሰነድ ላይ ያልተባለ ነገር መጻፍ ስንት ዓመት እንደሚያስቀጣ ያውቃሉ አይደል፣ እትዬ?» አለ፣ በትሕትና።

«ስህተት የለበትም» አልኩ። «ያለውን ነው የጻፍኩት።»

ይኸው ነው ወንድሜ። በዚያ ስብሰባ እውነት የተናገርኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ የተናገርኩትም በፍርሃት ነው። እናቴ አልጋ ላይ ናት፣ እኔ ብታሰር ማን ያገላብጣታል ብዬ ነው ልልህ ነበር። እሱም ውሸት ነው። እናቴ ትዝ ያለችኝ ወደ ቤት ስሄድ ነው፤ አንተማ ከዚያም በኋላ። የሃያ ሁለቱ ሰዎች ውሸት ሊያድንህ ነበር። ፍርድ ቤት የቀረበብህ ማስረጃ የእኔ ወረቀት ብቻ ነው።

ሥራ አስኪያጁ ከሥራ ተባረረ። እኔን የመዝገብ ክፍል ኃላፊ አደረጉኝ፣ መስኮት ያለው ቢሮ ሰጡኝ። በመስኮቱ የማዶ ሴቶች ቢጫ ጀሪካን ተሸክመው ድልድዩን ሲሻገሩ ይታዩኛል። አንድ ቀን በምሳ ሰዓት ብረትህን ይዤ ማዶ ሄድኩ፣ አንተ እንዳሳየኸኝ ጆሮዬን ለጠፍኩበት። ዛሬም ጭጭ ብሏል። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የእኛ እውነት አድሮ አየሁት፤ ፋይል ውስጥ ገብቶ ቁጥር ተሰጠው እንጂ አልጠራም።

ምናልባት እዚያ ውስጥ የሚያጽናናህ ይህ «አንዷ እንኳ» ያልከው ነገር ነው። እሱንም እየወሰድኩብህ ነው። ዝም ብል ይሻልህ ነበር ይሆናል። ግን ባለቤትህ እጄን ይዛ ስታመሰግነኝ ሁለተኛ ልቆም አልችልም። ደብዳቤውን ሳላሽገው ነው የምሰጣት፤ መጀመሪያ እሷ ታንብበው። ካነበበች በኋላ ልታደርስልህ ካልፈቀደች አልፈርድባትም።

እስር ቤቱ በር ላይ የሚፈትሸው ሰውም ማን እንደ ጻፈው በአንድ ደቂቃ ይገባዋል፤ መደበቂያ የለኝም። ይህን እያወቅሁ እታች ስሜን ልጽፍ ሦስት ጊዜ ሞከርኩ፣ እጄ እንቢ አለኝ። ያንተን ስም ከነአያትህ ስጽፍ አንዴም አልተንቀጠቀጠም ነበር።

ይቅር በለኝ አልልህም። ብርድ ልብስህን ደርበህ ተኛ።

አንድ ተሳታፊ