አንድም ስንኝ ጠፍቶዎት አያውቅም

ኪሊማኒ፣ ናይሮቢ
ግንቦት 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ውድ ጋሽ ዘርእዝጊ፣

ከሰላምታው በፊት አንድ ነገር ልለምንዎ፤ ይህን ደብዳቤ መሃል ላይ ሳያስቀምጡ እስከ መጨረሻው ያንብቡልኝ። በእጄ ደብዳቤ ከጻፍኩ ስንት ዘመኔ ነው! ልጅዎ ሂያብ «አቦይ ስልክ ላይ የተጻፈ ነገር አያነብም» ስላለችኝ ከመሃል ከተማ ወረቀትና ፖስታ ገዝቼ መጣሁ። ጽሕፈቴ ያው ዶሮ የጫረው ነው፤ ይታገሱኝ።

የጀመርን ጊዜ ትዝ ይልዎታል? እትዬ ብዙነሽ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት የምንጫወት ሦስት ሰዎች ነበርን። እኔ አኮርዲዮንና ዘፈን፣ የላሙ ደሴቱ ጃፈር ድራም፣ ታዴዎስ ጊታር። የሠርግ ዘፈን እየተጫወትን እንጀራችንን እንበላ ነበር እንጂ ስለ ባሕር ማን አስቦ! እኔ የደብረ ብርሃን ልጅ፣ ከወንዝ የሚበልጥ ውሃ ያየሁት ሃያ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። እርስዎ ጥግ ላይ ሽሮዎን ጨርሰው፣ እጅዎን ታጥበው መጡና «ጓለይ፣ ይቺ አኮርዲዮንሽ ሳምቡክ ላይ ብትሆን ታምርባት ነበር» አሉኝ። «ሳምቡክ ደግሞ ምንድን ነው?» ብል ሳቁብኝ። በልጅነትዎ ምጽዋ ላይ የሠሩበት የእንጨት ጀልባ መሆኑን ነገሩኝና ሸራ ሲሰቀል የሚዘፈነውን እዚያው ቆመው አወጡት።

«ያዘው ወንድሜ ያዘው፣
ነፋስ እንዳይወስደው፤
ሳብ!»

ጃፈር ዱላዎቹን ጥሎ ተነሳ። በዚያ በተሰባበረ አማርኛው «ምዜ፣ አባባ! የኔ አያት ላሙ ላይ በስዋሂሊ ይሄን ይዘፍናል፣ ዜማው አንድ ነው!» አለ። እርስዎን ዋና ዘፋኛችን አድርገን ባንዳችንን «ሳምቡክ» ያልነው በዚያው ሳምንት ነው።

አስተማሪነትዎ ደግሞ ጉድ ነበር። «ገመድ ያልጎተተ ሰው ይህን አይዘፍንም» ብለው ወፍራም ገመድ ገዝተው እትዬ ብዙነሽ ጓሮ ያለው የአቮካዶ ዛፍ ላይ አሰሩ። ተሰልፈን ስንጎትት እትዬ ብዙነሽ ከማድ ቤት ብቅ እያሉ «ኧረ ዛፌን ነቅላችሁ ልትሄዱ ነው! ሥራ የላችሁም እንዴ?» ይሉን ነበር። መዳፌ ተልጦ ስነጫነጭ አባበሉኝና እንዲህ አሉን፦ «‹ሳብ› ከተባለ በኋላ አራት እስኪቆጠር ዝም ይባላል። ያኔ እጅ ይቀየራል፣ ትንፋሽ ይገባል። ዝምታው የዘፈኑ አካል ነው። እንዳትነኩት።» እሺ አልን።

ከዚያማ ማን ይያዘን! ከኪሊማኒ ጊጊሪ ኤምባሲዎች ግብዣ ላይ ደረስን፣ ከጊጊሪ ካምፓላ፣ ከካምፓላ ዛንዚባር። አንድ ቅዳሜ ሁለት ደንበኞች፣ አንዱ የእናንተ አንዱ የእኛ፣ «ባሕሩ የማን ነው» ተባብለው ጠርሙስ ሊወራወሩ ሲሉ እርስዎ ማይክሮፎኑን ይዘው «ባሕሩ የዓሣ ነው። እኛ መንገደኞች ነን። ተቀመጡ» አሏቸው። ሁለቱም ተቀመጡ። እንዲህ ያለ ሰው አይቼ አላውቅም። ይህን ያኔውኑ ልነግርዎ ይገባ ነበር።

እንግዲህ ወደ ጥፋቴ ልምጣ።

የመጀመሪያውን አልበም ስንሠራ ድምፅዎን ቀድተው ጨርሰው ለልጅ ልጅዎ ክርስትና ሞምባሳ ወረዱ። ባለ ስቱዲዮው ዘፈኑን አዳምጦ «ይሄ ዝምታ በዛ። ሬዲዮ ላይ ሰው የተበላሸ መስሎት ጣቢያ ይቀይራል። ሃራካ ሃራካ፣ ቶሎ ቶሎ መሄድ አለበት» አለኝ። ታዴዎስ «ጋሼን እንጠይቃቸው» አለ። እኔ ደረቋ «ይሄ ምን ያስጠይቃል!» ብዬ ሃያ ሁለት ቦታ ላይ አስቆረጥኩት። ዘፈኑም በረረ፣ በየማታቱው፣ በየሚኒባሱ ይሰማ ጀመር። አልዋሽዎትም፣ ደስ ብሎኝ ነበር።

እርስዎም የሰሙት ማታቱ ውስጥ ነው። ልምምድ ላይ መጥተው ሳይቀመጡ «ማነው የቆረጠው?» አሉ።

«እኔ ነኝ ጋሼ።»

«መልሺው።»

«ጋሼ፣ ይሄ እኮ ጀልባ አይደለም! ሰው ይሰለቻል።»

በሰው ሁሉ ፊት ነው ያልኩዎት። ቆብዎን አነሱ፣ የጃፈርን ትከሻ መታ መታ አድርገው ወጡ። ኩርፊያ መስሎኝ «ሰኞ ይመጣሉ» አልኩ። ሰኞ አልመጡም። ጠቅልለው ሞምባሳ ሂያብ ጋ መግባትዎን የሰማሁት ከእትዬ ብዙነሽ ነው። ይኸው ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነው።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኩርፊያ ነው፣ ያልፋል። የባሰው ከዚያ በኋላ ያደረግሁት ነው። በወሩ ሬዲዮ ጣቢያ ቀርቤ ጋዜጠኛው «ዋናው ዘፋኛችሁ፣ አዛውንቱ፣ የት ሄዱ?» ሲለኝ፣ የራሴን ጉድ ላለማውጣት «ዕድሜ ነው። ግጥሙም እየጠፋቸው ነበር፤ ቢያርፉ ይሻላል ብለን ነው» አልኩ። አፌን ቁርጥ ያድርገው! አስቤበት አልነበረም። ግን በማግስቱ ላስተካክለው እችል ነበር፣ ዝም አልኩ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ እኔ ጭራሽ ለማሸትም አልሞከርኩ።

ባለፈው ወር ሞምባሳ መጥተን እንድንጫወት ስንጋበዝ ዓይኔን በጨው አጥቤ ለሂያብ ደወልኩ። «ጋሼን የክብር እንግዳ እናድርጋቸው» ልላት። አስጨርሳኝ ልክ ልኬን ነገረችኝ።

«ሊስን፣ ብሩክታዊት» አለች። «ያን ቀን ኪችን ውስጥ ሬዲዮው ተከፍቶ ነበር። አቦይ ሰምቶሻል። ቢናደድ ጥሩ ነበር፣ አልተናደደም። አመነሽ! ከዚያ ቀን ወዲህ አይዘፍንም። ልጄ ‹ዝፈንልኝ› ስትለው ‹ጀምሬው ቢጠፋኝስ› ይላታል። ቁልፉን ያስቀመጠበት ሲጠፋው እንኳ ‹አየሽ፣ ብሩክታዊት አውቃ ነው የተናገረችው› ይለኛል።»

ክው አልኩ። ቢሰድቡኝ፣ ስሜን ባያነሱት እሸከመው ነበር። እርስዎ ግን እኔን አምነው ራስዎን ተጠራጠሩ።

ስለ ጓደኛዎ ስለ ኣዶናይም የነገረችኝ ያኔ ነው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሲሆንዎ ዘፈኑን የሚያወጡት እርስዎ እንደነበሩ፣ ዶፍ ሲመጣ አይተው ዝምታውን እንደዘለሉት፣ ኣዶናይ እጁን ሳይቀይር ገመዱ ይዞት ሄዶ ሦስት ጣቶቹን እንዳጣ። ለእኛ አንድ ቀን ትንፍሽ አላሉም። መጀመሪያ «ምነው በነገሩኝ ኖሮ» ብዬ ጥፋቱን ለእርስዎ ላካፍል ቃጣኝ። ኋላ ግን አፈርኩ። «እንዳትነኩት» ብለውን የለም እንዴ? እሱ ይበቃኝ ነበር።

አሁን የሚቀጥለውን ቀስ ብለው ያንብቡልኝ። ጃፈር ከመጀመሪያዋ ቅዳሜ ጀምሮ ያልቀዳው ዝግጅት የለም። ስድሳ አንድ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ ስመለስ ወረቀትና እርሳስ ይዤ አንድ በአንድ አዳመጥኩት። ምናልባት እውነቴን ይሆን? ምናልባት አንድ ሁለት ጊዜ ጠፍቶዎት ይሆን? ብዬ። ሰው ለራሱ ሲሆን መቼም ምክንያት አያጣም። አላገኘሁም። አንድም የለም፣ ጋሼ። ስንኝ የጠፋት ሌላ ሰው ናት፣ አሥራ አንድ ጊዜ ጠፍቷታል። እኔ ነኝ። ጊጊሪ ላይ፣ ያ ሁሉ ትልልቅ ሰው ተቀምጦ፣ ሁለተኛው አዝማች ላይ ባዶ ሆኜ ስቀር እርስዎ ያለፈውን ስንኝ ደግመው ዘፈኑልኝና እስክይዝ ጠበቁኝ። ቅጂው ላይ በደንብ ይሰማል። ያን ቀን ከመድረክ ወርደን እንኳ አላነሱብኝም። እኔ ደግሞ የራሴን ጉድለት ወስጄ በእርስዎ ላይ ለጠፍኩት።

የተቆረጠው ቅጂ ከተጫነበት ሁሉ እንዲነሳ አድርገናል። ታዴዎስ ሃያ ሁለቱንም ዝምታ ከዋናው ቅጂ አውጥቶ መልሶታል። ካሁን በኋላ የእርስዎ ድምፅ ያለበት ዘፈን ያለ ፈቃድዎ አይወጣም።

እስኪ አንድ ነገር ያድርጉልኝ። የልጅ ልጅዎ ትንሿ ሃረጉ ነገ «ዝፈንልኝ» ስትልዎ ይጀምሩላት። ከእንግዲህ ዕድሜ አንድ ቀን አንድ ስንኝ ቢወስድብዎ እንኳ የዕድሜ ይሁን፤ የእኔ ውሸት ግን አይውሰድብዎ።

ሐምሌ አምስት ሞምባሳ እንገባለን። ደጅዎ መጥቼ ጉልበትዎን ልስም እፈልጋለሁ። ፊቷን አልይ ካሉ ለሂያብ ይንገሯት፣ በሩን አላንኳኳም፣ አልቀየምም። መድረክ ላይ ግን ቢመጡም ባይመጡም፣ ይቅር ቢሉኝም ባይሉኝም፣ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት ማይክሮፎኑን ይዤ የማን ስንኝ እንደጠፋና ማን እንደዋሸ በስሜ እናገራለሁ። ጋዜጠኛውንም ጠርቼዋለሁ። ስምዎን ያነሳሁት አገር እየሰማ ነው፤ ሳሎንዎ ውስጥ አንሾካሹኬ ይቅርታ ጠይቄ ልወጣ አልችልም።

ያስቀየመችዎ
ብሩክታዊት