ሾርባውን የመለስኩት እኔ ነኝ፤ ምሕረት ምን አደረገች?

ለተከበሩ አቶ ባንተአምላክ፣
የቆሰበር ልጆች የውጭ ትምህርት ድጋፍ ኮሚቴ ሰብሳቢ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ ይህ ደብዳቤ ጉልበትዎ ጸንቶ፣ የደም ግፊትዎ ልኩን ይዞ፣ የጥቅምቱ ውርጭም ከደጅዎ ርቆ እንዲያገኝዎ ከልብ እመኛለሁ። እኔ ካለሁበት ከፖላንድ፣ ከፖዝናን ከተማ፣ ከብርዱና ከራሴ ቂልነት በቀር ደህና ነኝ።

ደብዳቤውን ለሁሉም እንዲነበብ አድርጌ የጻፍኩት እርስዎን ለማሳፈር አይደለም። ስለ እኔ የተነገረው በአደባባይ ስለሆነ መልሱም እዚያው ይዋል ብዬ ነው። ኮሚቴዎ ባለፈው ሳምንት ተሰብስቦ «ሸጋ ይሄነው የተሰጣትን ዕድል አልፈልግም ብላ አሰድባናለች፤ ሴት ልጅ ሩቅ አገር ስትሄድ ልቧ ይሸበራል» በማለት የመጪው ዓመት ድጋፍ ለወንዶች ብቻ እንዲሆን ሐሳብ ማቅረቡን ሰምቻለሁ። የጥሊሊዋ ምሕረትም ከአመልካቾቹ ሁሉ የበለጠ ውጤት ይዛ ቀርባ ሳለ «አንቺ ትንሽ ቆዪ» ተብላለች። ሐሳቡ በሚቀጥለው ስብሰባ ከጸደቀ የምሕረት ነገር አበቃለት ማለት ነው። ስለዚህ ነገሩ ከመጽደቁ በፊት በእርግጥ የሆነውን ከባለጉዳይዋ ከእኔ አፍ ቢሰሙ ብዬ ነው።

በቅድሚያ ግን ምስጋናዬን ልግለጽ። የመሸኛችን ዕለት በአዳራሹ ቆመው «ልጆቼ፣ ሰው አገር ሲሰጧችሁ አትንጠቁ። ጨዋ ልጅ እጇን ቶሎ አትዘረጋም፤ ካልለመኗት አትቀበልም» ብለው መክረውናል። አዳራሹ አጨበጨበ፤ ከሁሉም አብልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነበርኩ። ዲግሪዬን በማዕረግ የያዝኩ ሰው ብሆንም ምክሩን ያለ አንዳች ጥያቄ እንደ ስንቅ ቋጥሬው ሄድኩ። ስንቅነቱም በደረስኩበት ቀን ገባኝ፤ ሌላ የምበላው አልነበረኝምና።

አንደኛ፦ በመጀመሪያው ምሽት ካሲያ የምትባል የጎረቤት ክፍል ተማሪ በሬን አንኳኩታ የሚጨስ የድንች ሾርባ በትልቅ ሳህን አቀረበችልኝ። እኔ ከአውሮፕላኑ ቁራሽ ዳቦ በቀር አንዳች አልቀመስኩም። ነገር ግን እንዳሳደጉኝ «ኧረ አልራበኝም፣ በልቼ ነው የመጣሁት» አልኳትና «በሞቴ» እስክትለኝ ድረስ ዓይኔን ሰብሬ መጠበቅ ጀመርኩ። ካሲያ አመነችኝ! ክቡር ሆይ፣ ሰው በዚህ ነገር ይታመናል? ፈገግ ብላ ሾርባዋን ይዛ ተመለሰች፤ እኔም ሽታው በኮሪደሩ እየራቀ ሲሄድ አስከሬን እንደሚሸኝ ሰው በሬ ላይ ቆሜ ቀረሁ።

ሁለተኛ፦ የማደሪያው ተቆጣጣሪ ሴትዮ ተጨማሪ ብርድ ልብስ እፈልግ እንደሆነ ቢጠይቁኝ የአገሬን የአዊን ስም ላስጠራ ብዬ «እኔ የደጋው የቆሰበር ልጅ ነኝ፣ ብርድ አይደፍረኝም» አልኳቸው። እሳቸውም ብርድ ልብሱን ለሌላ ሰጡት። ያለኝን ልብስ ሁሉ፣ ፎጣ ሳይቀር፣ ደርቤ አደርኩና ጠዋት ራሴን በመስታወት ሳየው ለጥሊሊ ገበያ የተጫነ አጋሰስ መስዬ አገኘሁት።

ሦስተኛው ግን እኔንም አያስቀኝም። እንደሚያውቁት የመጣሁት አፈር ለማጥናት ነው። አባቴ ዘንገና ሐይቅ አጠገብ የሚያርሱት መሬት አሲዳማ ሆኖ ገብሳቸው ገና በቡቃያው ቢጫ ሲሆንባቸው እያየሁ ነው ያደግኩት። በቤተ ሙከራው የቀረው የአንድ ተማሪ ቦታ ብቻ ነበር፤ ያንን ያላገኘ ተማሪ ደግሞ ወደ አገሩ ከመመለስ በቀር ምርጫ የለውም። መምህሬ ጠርተውኝ «ቦታውን ትፈልጊያለሽ?» አሉኝ። ልቤ ሊወጣ ደረሰ። አፌ ግን የእርስዎን ምክር ከልቤ በተሻለ ይዞት ኖሮ «ከእኔ የተሻሉ አሉ፣ ለእነሱ ይሁን» አለ። እኔ የጠበቅሁት «ተይ እንጂ፣ ካንቺ ወዲያ ማን አለ?» የሚል ልመና ነበር። እሳቸው ስለ ግልጽነቴ አመስግነውኝ ሌላ ተማሪ አጩ።

ይህን ለእናቴ በስልክ እያለቀስኩ ነገርኳት። እሷም በተቆራረጠው ኔትወርክ የሰማችውን ያህል ለጎረቤት አካፈለች፣ ጎረቤት ለባጃጅ ሹፌሩ አቀበለ፣ ወሬው እርስዎ ዘንድ ሲደርስ እኔ «ትምህርት በቃኝ» ያልኩ ሰው ሆኜ ነበር። ለፍጥነቱ የተባበሩትን ሁሉ አመሰግናለሁ። ወደ እኔ ደውለው «እውነት ነው ወይ?» ለማለት ግን ያው ኔትወርክ ለእርስዎ ብቻ እምቢ ብሎዎት እንደሆነ እገምታለሁ።

ከዚህ ያወጣችኝ የዳንግላው ጨርቅ ነጋዴ ልጅ አፊያ ናት፤ እዚህ ስትማር ሁለተኛ ዓመቷ ነው። ታሪኬን ስነግራት ሆዷን ይዛ ሳቀችብኝ። «አንቺ ቂል! እዚህ አገር ማን በሞቴ ሊልሽ ነው? እኔስ ስንት ኬክ እያየሁት እንዳለፈኝ! ተነሺ፣ ሂጂና እፈልጋለሁ በያቸው» አለችኝ። «ያሳፍራል እኮ» ብላት «እፍረቱን እዚያ እስክትደርሺ ባቡር ውስጥ ጨርሺው» ብላ ካፖርቴን በላዬ ላይ ጣለችብኝ።

ሄድኩ። በእኛ ዘንድ የመጀመሪያው እምቢታ እምቢታ እንዳልሆነ ለመምህሬ ለማስረዳት ሞከርኩ። መነጽራቸውን አውልቀው «ታዲያ እውነተኛው ስንተኛው ነው?» ብለው ጠየቁኝ፤ ለካ እኔም አላውቀውም። ከዚያም ከታጨው ተማሪ ጋር በቤተ ሙከራው ሠራተኞች ፊት ቀርቤ ቦታው ለምን እንደሚገባኝ እንድናገር ፈቀዱልኝ። ክቡር ሆይ፣ ከተወለድኩ ጀምሮ ራሴን በሰው ፊት አመስግኜ አላውቅም። ፊቴ እሳት እየመሰለ፣ «አሲዳማ አፈር በአባቴ ማሳ ላይ በባዶ እጄ ዝቄያለሁ፤ ኖራ ሲበተንበት ገብሱ እንዴት እንደሚያገግም አይቻለሁ፤ ይህን ሥራ ከእኔ የተሻለ የሚሠራው ሰው እዚህ ክፍል ውስጥ የለም» አልኩ። የመጨረሻውን ማን እንደተናገረው እስካሁን አልገባኝም፤ ድምፁ ግን የእኔ ነበር። ቦታውን ሰጡኝ። ሰኞ ሥራ ጀምሬያለሁ።

እንግዲህ ክቡር ሆይ፣ ጥፋት ካለ የእኔ የሸጋ ነው። ምሕረት ሾርባ አልመለሰችም፣ ብርድ ልብስ አልገፋችም፣ ለማንም «ከእኔ የተሻሉ አሉ» አላለችም፤ ደግሞም የሉም። ቂልነት ለሴት ብቻ የታደለ ነው የሚለው የኮሚቴው ግምትም ትንሽ ቢመረመር ደስ ይለኛል፤ እንዲያ ቢሆን ኖሮ አንዲት ሴት አባል የሌለው ኮሚቴ ይህን የመሰለ ሐሳብ ከየት ያመጣ ነበር?

ምሕረትን ትናንት አነጋግሬያታለሁ። «ሽማግሌ ልኬ ላስለምን፣ ወይስ እስኪጠሩኝ ልጠብቅ?» አለችኝ። ሁለቱንም ተይው ብያታለሁ። በስብሰባው ዕለት ከእናቷ ጋር መጥታ ከፊተኛው ወንበር ላይ ትቀመጣለች፤ ማንም ሳይጋብዛትም ተነስታ «ይህ ዕድል የሚገባው ለእኔ ነው» ትላለች። ድምፅዋ ቢንቀጠቀጥ አይደንግጡ፣ ውኃም አያቅርቡላት፤ እስክትጨርስ ድረስ ብቻ ዝም ብለው ያዳምጧት።

ምክርዎን ከማንም በላይ አክብራ በመከተሏ ልትራብ፣ በብርድ ልታልቅና ወደ አገሯ ልትመለስ የነበረች፣
ለክብርዎ ከመቀመጫዋ ተነስታ እጅ የምትነሳ፣
ሸጋ ይሄነው
ከፖዝናን

ማስታወሻ፦ ኮሚቴው ባለፈው ዓመት የላከው የእህትዎ ልጅ አንድ ቀን እንኳ ክፍል ሳይገባ ወደ ሌላ አገር መሻገሩን ሁላችንም እናውቃለን። «የወጣት ነገር ነው» ተብሎ ታለፈ እንጂ በእሱ ምክንያት ወንዶች ሁሉ ይቅሩ ሲባል አልሰማሁም። እሑድ ዕለት ደውሎልኝ ነበር፤ ደህና ነው፣ ወፍሯል። «አጎቴ ከጠየቀሽ አላውቅም በይልኝ» ብሎኛልና፣ ክቡር ሆይ፣ ስለ እሱ ምንም አላውቅም።