ለሴናተር ስትራውድ፤ በስህተት ስለሞላሁት ካርድና ስለ እህቴ ልጅ

ለክቡር ሴናተር ዌንደል ስትራውድ፣
የግዛታችን ምክር ቤት የጤና ኮሚቴ ሊቀመንበር፣

ክቡር ሆይ፣ ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? ጎረቤት ግዛት ድረስ ሄደው ያስቀየሩት ጉልበትዎ ደህና ሆኖ፣ ባለፈው ቅዳሜ በበጎ ፈቃድ እሳት አጥፊዎቹ የፓንኬክ ቁርስ ላይ ያለ ምርኩዝ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዘዋወሩ በዓይኔ በማየቴ የተሰማኝን ደስታ በትሕትና እገልጻለሁ። ክብርት ባለቤትዎንም እጅ እነሣለሁ፤ አዲሱ የፀጉራቸው ቀለም አምሮባቸዋል።

ወደ ጉዳዬ ከመግባቴ በፊት፣ ይህን የጋዜጣ አምድ ለአሥራ ዘጠኝ ዓመት ለታገሡ አንባቢዎቼ አንዲት ትንሽ ኀፍረቴን ልንገራቸው። ከሁለት ሳምንት በፊት ኮሚቴዎ ፅንስ ማቋረጥን በሚከለክለው ሕግ ማሻሻያ ላይ የሕዝብ አስተያየት ሲሰማ እኔም ዋና ከተማ ሄጄ ነበር። ማሻሻያው ገጽ ተኩል ነው፤ የእናት ሕይወት አደጋ ላይ ሲወድቅ፣ ሐኪሟ እስር ቤት እገባለሁ ብሎ ሳይፈራ በጊዜ እንዲያክማት ይፈቅዳል። በሩ ላይ የሚሞላ ካርድ ይሰጣል፤ ስም፣ አድራሻ፣ ከዚያ «እደግፋለሁ» ወይም «እቃወማለሁ»። እኔ ሕጉ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ስቃወመው የኖርኩ ሴት፣ መነጽሬን መኪና ውስጥ ረስቼ፣ በሙሉ ልቤ «እቃወማለሁ» የሚለው ላይ ምልክት አደረግሁ። ካርዱ የሚጠይቀኝ ግን ስለ ማሻሻያው ኖሯል።

ክቡርነትዎ ካርዶቹን አስቆጥረው አርባ አንድ ደጋፊ፣ አርባ ሁለት ተቃዋሚ መሆኑን በማይክሮፎን አስታወቁ። «ሕዝቡ ገና አልተስማማም። የምንወዳቸው ወይዘሮ ኦፓል ታድሎክ እንኳ ተቃውመዋል» ብለውም ማሻሻያውን ላልተወሰነ ጊዜ አቆዩት። እኔ ተሳስቻለሁ ብዬ ብነሣ የመናገሪያው ጊዜ አልቋል ተባልኩ። ስሜን በዚያ ሁሉ ሰው ፊት በአክብሮት ስለጠሩልኝ አመሰግናለሁ። እውነቱን ለመናገር ሳምንቱን ሙሉ ፀጉር ቤት ውስጥ እያወራሁ ስቄበታለሁ። መሳቁን ያቆምኩት ባለፈው ሐሙስ ነው።

ሐሙስ ዕለት የእህቴ ልጅ ሎረል፣ የአሥራ ስምንት ሳምንት ነፍሰ ጡር፣ የትምህርት ቤት አውቶቡስ እየነዳች ሳለ የሽርት ውሃዋ ፈሰሰ። የመጨረሻውን ተማሪ ደጁ ላይ አውርዳ ነው ሆስፒታል የሄደችው። ስም አውጥተውለት ነበር። ሐኪሟ፣ ዶክተር ፔትሮስኪ፣ ሕፃኑ እንደማይተርፍ፣ እሷ ግን ቶሎ ካልተገላገለች ማሕፀኗ እንደሚመረቅዝና መርዙ ወደ ደሟ ሊገባ እንደሚችል ነገሯት። የፅንሱ ልብ ግን ገና ይመታል፤ ልቡ እየመታ ሕጉ ስለማይፈቅድ እጃቸው ታስሯል። ምስጋናዬን በቁጥር ላስቀምጥ።

፩ኛ፤ ትዕግሥት ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ዶክተር ፔትሮስኪ ኮሪደር ላይ ጎተት አድርገውኝ፣ «ኦፓል፣ ምን ማድረግ እንዳለብኝ አውቃለሁ። የሆስፒታሉ ጠበቃ ግን ‘ገና በቂ አልታመመችም’ ይለኛል» አሉኝ። ይህን ለሎረል ማን ይንገራት ስንባባል በሩ ገርበብ ብሎ ኖሮ፣ ከአልጋዋ ላይ ሆና፣ «አክስቴ፣ ታዲያ ምን ያህል ልታመምላቸው? ልኩን ይንገሩኛ» አለች። ባሏ ዱዌይን በራሴ መኪና ድንበር አሻግሬ ወደማይከለከልበት ጎረቤት ግዛት እወስዳታለሁ ብሎ ቁልፉን አንሥቶ ነበር። ዶክተሯ፣ «የአምስት ሰዓት መንገድ ነው፣ ልጄ። መሐል ላይ ደም ቢፈሳት በምን ታቆመዋለህ?» ሲሉት ቁልፉን መልሶ ኪሱ ከተተ። በአምቡላንስ ትሂድ ስንል ደግሞ ጠበቃው ጥያቄውን እያጠናው ነው፤ ይኸው አራተኛ ቀኑ።

፪ኛ፤ ስለ ብልሃትዎ። ለዱዌይን ቁርስ ልወስድለት ከሆስፒታል ጎራ ባልኩበት በዚያው የፓንኬክ ቁርስ ላይ፣ ክቡርነትዎ ሕፃናት አቅፈው ፎቶ ሲነሡ፣ የምርጫ ዘመቻዎ አስተባባሪ ፓንኬኩ ላይ የሚፈሰውን ማር መሰል ሲሮፕ ለመቅዳት ከኋላዬ ቆሞ ለጓደኛው ሲያወራ ነበር። ወሬ መስማት እንጀራዬ መሆኑን ረስቶት ይሆናል። «ድምፅ ቢሰጥበት ያልፋል እኮ፤ ጣጣው ማለፉ ነው» አለ። «ካለፈ ያ ተፎካካሪያችን ‘ስትራውድ ለሰለሰ’ ብሎ ቴሌቪዥን ላይ ይለቀዋል። የፓርቲው የውስጥ ምርጫ ይለፍ። አምስት ሳምንት ነው፤ በአምስት ሳምንት ማን ይሞታል?» ከዚያ ሲሮፑን በትሕትና አቀበለኝ። ጨዋ ልጅ ነው፤ አሳዳጊ አልበደለውም። እሱን ማስቀየም አልፈለግሁምና በዚያ ሰዓት አልመለስኩለትም። አሁን ግን ጥያቄው መልስ እንዳያጣ፦ የአውራጃችን ሆስፒታል፣ ሁለተኛ ፎቅ፣ ክፍል ሁለት መቶ አሥራ አራት።

፫ኛዋ አጭር ናት። ጉልበትዎን ለማስቀየር ድንበር ሲሻገሩ፣ ሕመሙ በቂ መሆን አለመሆኑን የጠየቀዎ ጠበቃ ነበር?

ይህን እየጻፍኩ ነርሷ ገብታ ትኩሳቷን ለካች። ጠዋት ከነበረው ጨምሯል። ነርሷ ቁጥሩን መዝግባ፣ «ትንሽ ይቀራል» አለችና በገዛ አነጋገሯ አፍራ አንገቷን ደፍታ ወጣች። ክቡር ሴናተር፣ እኛ ቤት ውስጥ ለመታከም ትኩሳት እንዲወጣ የሚጠበቅበት ቀን ይመጣል ብዬ አስቤ አላውቅም። ሲወጣ እንፈራለን፤ ሳይወጣ ሲቀርም እንፈራለን።

ኮሚቴዎ የፊታችን ሐሙስ ለመጨረሻ ጊዜ ይቀመጣል፤ ምክር ቤቱ ዓርብ ይዘጋል። አገረ ገዢዋ ማሻሻያው በደረሳቸው ዕለት እንደሚፈርሙ ተናግረዋል። ካርዴን ለማስተካከል ለኮሚቴው ጸሐፊ ደውዬ ብጠይቃት፣ «እናቴ፣ ሊቀመንበሩ አጀንዳውን መልሰው ካልጠሩት ካርዱ እንደተቆለፈበት ነው» አለችኝ። እንግዲህ ልለምንዎ። በማሾፍ ጀምሬ ነበር፤ ከዚህ በኋላ ማሾፉም አቃተኝ። አጀንዳውን ይጥሩት። አንዲት አሮጊት መነጽሯን ረስታ አሳስታን ነበር ይበሉ። ተፎካካሪዎ ለሰለሰ ካለዎ፣ ያለሰለስኩት እኔ ነኝ፤ በየትኛውም ቴሌቪዥን ቀርቤ ጥፋቱ የኔ ነው እላለሁ። ማሻሻያውን ለማቆም ስሜ ከረዳዎ፣ ለማሳለፍም ይርዳዎ። ምርጫዎን ያሸንፉ፤ እኔው ራሴ እመርጥዎታለሁ። ብቻ ሐሙስ ይጥሩት።

የክቡርነትዎን ረጅም ዕድሜና የሁለቱንም ጉልበቶችዎን ጤና ከልብ እየተመኘሁ፣ የሠርግዎን ዜና በዚሁ አምድ ላይ በሙሉ ገጽ የጻፍኩልዎ፣ ከሎረል አልጋ አጠገብ ካለች የፕላስቲክ ወንበር ላይ ሆኜ፣

አክባሪዎ
ኦፓል ታድሎክ

ማስታወሻ፦ ግቢዬ ውስጥ ሣሩ ላይ የተከልኩልዎ፣ ስምዎ በትልቁ የተጻፈበት የምርጫ ሰሌዳ እስከ ሐሙስ ድረስ አይነቀልም። ሐሙስ ጠዋት መነጽሬን አድርጌ የፊተኛው ወንበር ላይ ያገኙኛል። የሆነውን ሁሉ በዚሁ ገጽ ላይ ለአንባቢዎቼ እጽፋለሁ፤ ርዕሱ ብቻ ነው የቀረኝ። ሎረል በእግሯ ቤቷ ከገባች ርዕሱ የእሷ ስም ይሆናል። ካልገባች የእርስዎ።