አድራሻ በመጠየቅ ላይ

ማክሰኞ፣ ጥር 6
ኔትወርኩን የምሠራለት ሆቴል ዛሬ ትልቅ ስብሰባ ነበረው። አራት መቶ እንግዳ፣ ለስልኮቻቸው ሁለት መቶ ሃምሳ የኢንተርኔት አድራሻ። ሥራ አስኪያጇ "ኢንተርኔቱ ታሟል" እያለች አራት ጊዜ ደወለች። አልታመመም፤ አድራሻ አልቆበት ነው። ለአንድ ስልክ የተሰጠ አድራሻ ስምንት ሰዓት ተይዞ ይቆያል። ቁርስ በልተው የሄዱት ሰዎች አድራሻ እንኳ ገና አልተመለሰም። ወደ ግማሽ ሰዓት አወረድኩት፤ ቀስ በቀስ ለቀቀ። "ምን አደረግክለት?" አለች። መድኃኒት ሰጠሁት አልኳት።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። ስልኩ ይደርስና ይጮሃል፦ አድራሻ የሚሰጠኝ አለ? ኢንተርኔቱን የሚያከፋፍለው ራውተር ይሰማል፦ ይኸው፣ ይህን ውሰድ። ስልኩ፦ እሺ፣ እወስደዋለሁ። ራውተሩ፦ መዝግቤልሃለሁ፣ እስከዚህ ሰዓት ያንተ ነው። በቃ። ማንም ሳይነካው፣ ዓይን ተጨፍኖ እስኪገለጥ ያልቃል። ሰውና ሰው ቢሆኑ ዓመት ይፈጅባቸው ነበር።

ቤት ስገባ አክስቴ ተቀበለችኝ። "የሰው ኢንተርኔት ታበጃለህ፣ የራስህ ይንቀራፈፋል።" እውነቷን ነው። ነገ አየዋለሁ።

ረቡዕ፣ ጥር 7
የቤቱን ራውተር መዝገብ ከፈትኩ... አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር። የማላውቀው ስልክ ባለፈው ሐሙስ ሠላሳ ስምንት ጊዜ አድራሻ ጠይቋል። ሠላሳ ስምንት ጊዜ ተከልክሏል። ከዚያ በፊት ባለው ሐሙስም እንዲሁ። አራት ሐሙስ፣ ሁሌ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ። መዝገቡ ከዚያ ወደ ኋላ አይሄድም።

ፓስዎርዳችንን ያውቃል ማለት ነው። ባያውቅ እስከ መጠየቁም አይደርስም ነበር። ጎረቤት ይሆን? አክስቴን "ለማን ነገርሽ?" ብላት፣ "እኔ ራሴ የማላውቀውን!" ብላ ጮኸችብኝ። ነገ እቀይረዋለሁ።

ግን ለምን ተከለከለ? የከለከልኩት ስልክ የለም'ኮ። አለ እንዴ?

ሐሙስ፣ ጥር 8
እያንዳንዱ ስልክ ከፋብሪካ ሲወጣ መለያ ቁጥር ይዞ ነው የሚወጣው። የቤታችንን ስልኮች ቁጥር የጻፍኩበት አሮጌ ደብተር አለኝ። ፓስዎርዱን ከመቀየሬ በፊት የዚያን ስልክ ቁጥር ከደብተሩ ጋር አስተያየሁት። አራተኛው መስመር ላይ አገኘሁት።

የእማዬ ስልክ።

ደብተሩን ዘጋሁት። ፓስዎርዱን አልቀየርኩም። ዛሬም አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ሥራ ላይ ነበርኩ። ስመለስ ሃያ ስድስት ጊዜ ጠይቆ ነበር።

አርብ፣ ጥር 9
እዚህ ካልጻፍኩት የት እጽፈዋለሁ?

እማዬ ከሞተች ሰባት ወሯ። ስልኳን የወሰደችው ትንሿ ናት፣ እህቴ። ያኔ ሌላ ከተማ ኮሌጅ ነበረች፣ የመጨረሻ ፈተና ላይ። እማዬ አልጋ ላይ ከዋለች ሦስት ሳምንት ሆኗት ነበር። "ንገራት" ትለኛለች። "ፈተናዋን ትጨርስ" እላለሁ። የእማዬ ስልክ ሲም ካርዱ ከተቃጠለ ቆይቷል፤ በቤቱ ዋይፋይ ድምፅ ቀድታ መላክ ብቻ ነበር የምትችለው። እና እኔ... ራውተሩ ላይ ስልኳን ከለከልኩ። አንዲት ምልክት ናት። ተጫንኩና ወጣሁ።

"ኔትወርኩ ተበላሽቷል" አልኳት።

"የኔትወርክ ሠራተኛ ወልጄ ኔትወርክ አጣሁ" ብላ ሳቀች። በስድስተኛው ቀን አረፈች።

ትንሿ የደረሰችው በቀብሩ ማግስት ነው። እንዳልነገርኳት አወቀች። ስለ ስልኩ ግን አላወቀችም። "ከዛሬ ጀምሮ ወንድም የለኝም" አለች። ከትራሱ ሥር ስልኩን አንስታ ወጣች። ተመልሳ ወደዚህ ከተማ መጥታ ክሊኒክ እንደተቀጠረች የሰማሁት ከአክስቴ ነው።

ክልከላውን ረስቼው! ሰባት ወር ሙሉ ረስቼው!

ሐሙስ፣ ጥር 15
ከሥራ ቀደም ብዬ ወጣሁ። መስኮቱ ጋ ቆሜ ጠበቅኩ። ቁጭ ስል እነሳለሁ፣ ስነሳ እቀመጣለሁ።

አሥራ አንድ ሰዓት ከአምስት ላይ መጣች። ከበራችን ፊት ለፊት የተዘጋ ሱቅ አለ፤ ደረጃው ላይ ተቀመጠች። ከስታለች። የእማዬን ስልክ ታነሳለች፣ ታወርዳለች። ከኋላዬ ኮምፒውተሩ ላይ መዝገቡ ይወርዳል። ጠየቀ፣ ተከለከለ። ጠየቀ፣ ተከለከለ። እሷ ጋ ምን እንደሚታይ አውቀዋለሁ፦ "አድራሻ በመጠየቅ ላይ..."

በሩ ድረስ ሄድኩ። መቀርቀሪያውን ያዝኩ። ምን ብዬ? "እኔ ነኝ የዘጋሁት" ልበላት? ዳግመኛ አታየኝም።

ተመለስኩ። ክልከላውን አነሳሁት።

ጠየቀ። ተሰጠ።

ትንሽ ቆይታ ከቦርሳዋ የራሷን ስልክ አወጣች። አየችው። አፏን በእጇ ያዘች። ከእማዬ ስልክ ሳይላክ የቆየ ነገር ደረሳት ማለት ነው። ብዙ ተቀመጠች። ከዚያ ቀና ብላ ወደ መስኮቱ... መጋረጃ ኋላ ተሸሸግኩ። የሠላሳ አራት ዓመት ሰውዬ! ሳይ ሄዳለች።

እሑድ፣ ጥር 18
ጥሩ ነው ያደረግኩት። የምትፈልገውን አገኘች። ማን ተጎዳ? ደግሞ ምን ብዬ ነው ያረጀ ቁስል የምነካካው...

ጥሩ ከሆነ ምግብ ለምን እምቢ አለኝ?

ሐሙስ፣ ጥር 22
አልመጣችም። ከአሥር ሰዓት እስከ አንድ ሰዓት መዝገቡን ስከፍት ስዘጋ ዋልኩ። የኔ ስልክ፣ የአክስቴ ስልክ፣ ኮምፒውተሩ። ሌላ የለም። ለምን ትምጣ? መልእክቱ ደርሷት የለ? የምትመጣበትን ምክንያት በገዛ እጄ ጨርሼ ሰጠኋት።

አክስቴ በሩ ላይ ቆመች። "ዛሬስ ቀረች አይደል?"

"ማን?"

"ሂድ ወዲያ! ሐሙስ ሐሙስ እዚያ ደረጃ ላይ ስትቀመጥ አያታለሁ'ኮ።"

"ታዲያ ለምን አልነገርሽኝም?"

"ስላለመናገር የምትጠይቀኝ አንተ ነህ?"

ሁሉንም ነገርኳት። ስለ ክልከላውም፣ ስለ መጋረጃውም። ትቆጣለች ስል እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" አለችና ወደ ሥራዋ ገባች።

እሑድ፣ ጥር 25
ያደቆነ ሰይጣን ሳያቀስስ አይለቅም። መጀመሪያ ከእማዬ ደበቅኩ፣ ቀጥሎ ከትንሿ፣ አሁን ደግሞ ከራሴ። ነገ እሄዳለሁ። እሄዳለሁ ብዬ ጽፌያለሁ።

ሰኞ፣ ጥር 26
ሄድኩ። ትንሿ የምትሠራበት ክሊኒክ ውስጥ የላቦራቶሪው መስኮት ፊት ረጅም ሰልፍ። ሁሉም የናሙና እቃውን ይዟል። ባዶ እጄን የቆምኩት እኔ ብቻ ነኝ። ከኋላዬ ያለው ሰውዬ አዘነልኝ መሰለኝ፣ "ወንድሜ፣ ናሙናህን ረስተሃል" አለኝ። ሁለት ጊዜ ከሰልፉ ልወጣ ብዬ ሁለት ጊዜ ተመለስኩ።

"ቀጣይ!" አለች። ቀና ስትል እኔ ነኝ። ነጭ ጋውን፣ ጓንት። ፊቷ ላይ ምንም የለም።

"የእማዬ ስልክ ከቤት እምቢ ያለሽ አርጅቶ አይደለም" አልኳት። ሰላም እንኳ ሳልል! "እኔ ነኝ የዘጋሁት። ታማ ሳለች። እንዳትልክልሽ። ተበላሽቷል ብዬ ዋሸኋት።"

"ለፈተናዬ ብለህ?"

አዎ ልል አፌን ከፈትኩ። ሰባት ወር ለሰው ሁሉ ያልኩት እሱን ነው።

"አይደለም" አልኩ። "ከነገርኩሽ እውነት ይሆንብኛል። እየሞተች ነው የሚለውን በአፌ ማውጣት አቃተኝ። ፈራሁ። አንቺን ምክንያት አደረግኩሽ።"

ጓንቷን ቀስ ብላ አወለቀች። እንደገና ሌላ አጠለቀች።

"ጨረስክ?"

"ጨረስኩ።"

"ሰው ይጠብቀኛል። ቀጣይ!"

ከኋላዬ ያለው ሰውዬ በጎኔ አልፎ እቃውን አቀበላት። እንዴት ወደ ሥራ እንደተመለስኩ አላውቅም። አለቀ። ቢያንስ ነገርኳት... ቢያንስ ምን ያደርግልኛል?

ሐሙስ፣ ጥር 29
ዛሬ መስኮቱ ጋ አልቆምኩም። ወጥቼ እዚያው የሱቁ ደረጃ ላይ ተቀመጥኩ። ድንጋዩ ይቀዘቅዛል። አራት ሐሙስና ከዚያም በላይ እዚህ ላይ ነው የተቀመጠችው።

አሥራ አንድ ሰዓት አለፈ። አሥራ አንድ ተኩል... ልነሳ ስል ከአጠገቤ ሰው ተቀመጠ።

"ቦታዬን ያዝክ" አለች።

ጠጋ አልኩላት። የራሷን ስልክ አወጣች፤ "ስማ" አለችኝ። የእማዬ ድምፅ፣ ትንፋሿ ቆረጥ ቆረጥ እያለ፦

"የኔ ልጅ፣ ትንሽ አሞኛል። ወንድምሽ ኔትወርኩ ተበላሽቷል ይለኛል። ሲዋሽ ጆሮው እንደሚቀላ ታውቂያለሽ፤ ቲማቲም መስሏል። ይቺ ድምፅ አንድ ቀን ትደርስሻለች። አትቆጪው አልልሽም፣ ተቆጪው። ግን እንዳትተዪው። ፈርቶ ነው።"

አለቀስኩ። መንገድ ላይ፣ ሰው እያየኝ።

"ይሄንን መቼ ሰማሽው?"

"ስልኳን የወሰድኩ ዕለት። እዚያው ስልኳ ላይ ነበር።"

"ታዲያ ሐሙስ ሐሙስ..."

"ሰምቼዋለሁ። እንዲደርሰኝ ነው የፈለግኩት። ከሌላ ቦታ ብልከው ይሄድ ነበር፤ ከዚህ ቤት እንዲላክ ነው የፈለግኩት። አንተ እስክትከፍተው። ከፈትከውና መጋረጃ ኋላ ገባህ!"

"አየሽኝ?"

"እግርህ ይታይ ነበር።" ሳቀች፣ ወዲያው ተወችው። "ከአፍህ እስክሰማው እጠብቅ ነበር። ተቆጣሁህ፣ ጋሽዬ። ሰባት ወር ይበቃል።"

ጋሽዬ አለችኝ።

አክስቴ በሩን ከፍታ ቆማለች። "ድንጋይ ላይ ተቀምጣችሁ ብርድ ሊመታችሁ ነው ወይስ ትገባላችሁ?" ገባን። ትንሿ የእማዬ ወንበር ላይ ልትቀመጥ አመነታች፤ ከዚያ ተቀመጠች። የራሷን ስልክ አውጥታ ፓስዎርዱን ጠየቀችኝ። ነገርኳት።

"አድራሻ በመጠየቅ ላይ ይላል" አለች።

"ቆይ። ይሰጥሻል።"

ተሰጣት። አሁን ከሳሎን ከአክስቴ ጋር ስትከራከር ይሰማኛል፤ በምን እንደሆነ እንጃ። መዝገቡን ዛሬ አልከፈትኩትም። ማን ቤት እንዳለ አውቃለሁ።