የቢጫዋ ጀሪካን ኃጢአት

ይድረስ ለእትዬ፣

ለመሆኑ እንዴት ሰነበትሽ? ወገብሽስ? የመኪናዋ ወንበር ላይ ያደረግሽው ትራስ ጠቀመሽ? እማዬስ ጉልበቷ ተሻላት ወይስ አሁንም ደረጃውን እየተራገመች ነው የምትወጣው? እኔ ከናፍቆታችሁና ከጥፍሬ ሥር አልለቅ ካለው ጥቁር ቅባት በቀር ምንም አልሆንኩም።

መኪናችን ማርሽ ስትቀይር እንደ በቅሎ መራገጥ መጀመሯን፣ መካኒኩም ካምቢዮው ሞቷል ብሎ በወሩ መጨረሻ ራሱ ሊገዛት መሆኑን ሰማሁ። እትዬ፣ መርዶ ነጋሪው ሬሳውን ለምን ይገዛል? የቤታችን እንጀራ በእሷ አራት ጎማ ላይ ነውና እባክሽ ይህን ሳትጨርሺ እሺ እንዳትዪው።

በስልክ ያልነገርኩሽ ስለምታቋርጪኝ ነው፤ ወረቀት ቢያቋርጡትም ይቀጥላል። ደግሞም የምናዘዘው አለኝ። የአባባን ቢጫ ጀሪካን ታስታውሻለሽ? ከየቆርቆሮው የተረፈውን ሁሉ እየገለበጠ “ዘይት ዘይት ነው፣ አይጣልም” የሚልባትን? ወደዚህ ልመጣ ሁለት ቀን ሲቀረኝ የካምቢዮው ዘይት ጎድሎ አየሁና ከእሷ ሞላሁት። ውለታ መዋሌ ነበር። ለማንም ሳልናገር፣ በራሴ እየኮራሁ ተሳፈርኩ።

እዚህ ጋራዥ በገባሁ በሳምንቱ ያንኑ ጥበብ ልደግም ስል አለቃችን እጄን ያዘኝ። የመኪናውን መጽሐፍ ሳይገልጥ ቡሎን ስለማይፈታ “መጽሐፉ” እንለዋለን። ዘይት ዘይት ነው ብዬ ብከራከረው፣ እንግዲያው መድኃኒትም መድኃኒት ነውና ራስህን ሲያምህ የዓይን ጠብታ ጠጣ አለኝ። የማንዋል ካምቢዮ ዘይት ብዙውን ጊዜ ወፈር ያለ ነው፤ ሽታውም ያስነጥሳል። የአውቶማቲኩ ቀጭንና አብዛኛውን ጊዜ ቀይ ነው፤ እሱም ራሱ ዓይነት በዓይነት ነው። በቀበቶ የሚሠራው ካምቢዮ ደግሞ የራሱን ካልሆነ አይቀምስም። የኛዋ አውቶማቲክ ናት፤ እኔ ያጠጣኋት ምን እንደሆነ ግን ፈጣሪና ጀሪካኗ ብቻ ያውቃሉ።

መቀየሪያ ጊዜም አለው። ብዙዎቹ መጻሕፍት ከስልሳ እስከ መቶ ሺህ ኪሎ ሜትር ይላሉ፤ እንዳንቺ ሰው ጭኖ በተጨናነቀ መንገድ ቆም ሄድ ሲል የሚውል ደግሞ ቀደም ማለት አለበት። አባባ “ያልታመመ አይታከምም” እያለ በአሥራ አንድ ዓመት አንዴም አልቀየረውም። ስለዚህ ጥፋቱን እኩል እንካፈል።

አሁን እንዲህ አድርጊ። ሩብ ሰዓት ያህል ንጂያትና ሜዳ ላይ አቁሚያት፤ ሞተሩ እየሠራ የካምቢዮውን (የሞተሩን አይደለም) ዘይት መለኪያ ዘንግ መዝዘሽ ነጭ ወረቀት ላይ ጥረጊው። ጠቁሮ አረር አረር ከሸተተሽ ዘይቱም ፊልትሮውም ይቀየር። ዓይነቱን ከመጽሐፏ እንጂ ከመካኒኩ አፍ አትውሰጂ። አንዴ ሲፈስ አሮጌው ሁሉ ስለማይወጣ ከጥቂት ቀን በኋላ ይደገም። ወረቀቱ ላይ የብረት ፍቅፋቂ ካብለጨለጨ ግን ሰውዬው እውነቱን ነው፤ ሽጫትና እኔን ዕድሜ ልኬን ስደቢኝ።

እማዬን ጉልበቷን ስሚልኝ። ትንሿን እህታችንን ደብዳቤ መጻፍ እጅ አይሰብርም በያት። አባባን ሰላም በዪው፤ ጀሪካኗንም አትጣዪበት፣ ለበር ማጠፊያ ቅባት ትሆናለች። መኪናዋ ከዳነች ደግሞ በመካኒኩ በር ስታልፊ ጥሩንባዋን ረዘም አድርገሽ አሰሚልኝ፤ ሟቿ ሰላም ብላሃለች በዪው።

ወንድምሽ
ከጋራዡ በላይ ካለችው ክፍሌ
ኅዳር 12 ቀን፣ ከምሳ በኋላ